ታቦቷን ያቈዩ ሰዎች

ባለፈው ኅዳር ጽዮን፣ የበዓሉ ሥርዐት ከተፈጸመ በኋላ፣ እዚህ በዲማ በሰንበት ትምህርት ቤት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆን፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ቀረበና፣ «የኔታ፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አባቶች እንደ ነገሩን፣ «ካህናቱ ወደ ደቡብ ይዘዋት ወርደው፣ በዝዋይ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት አኑረዋት ነበር» ብዬ መለስሁለት። ልጁ ግን አልሄደም። ጥቂት አሰበና፣ «የደሴቲቱ ሰዎችስ አሁን አሉ?» አለኝ።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በመምህርነት ዘመኔ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ታቦቷ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ስላቈዩአት ሰዎች የሚጠይቅ ግን የለም። ለልጁ በቆምሁበት የሰጠሁት መልስ አጭርና ጐደሎ ስለ ነበረ፣ የዚህ ወር ዐምድ ለእርሱም ለእናንተም ለአንባብያን እንዲሆን አስቤ ጻፍሁት።

እኛ የጐጃም ሰዎች ደሴት ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ጣና ነው። ደጋ እስጢፋኖስን፣ ጣና ቂርቆስን፣ ክብራን ገብርኤልን እናስባለን፤ ደሴት ማለትም የመነኰሳት መኖሪያ፣ ሴት የማትረግጠው ምድር ማለት ይመስለናል። እርግጥ በጣናም ቢሆን እንደ ደቅ ያለ ባለ ትዳሮች አርሰው፣ ልጅ አሳድገው የሚኖሩበት ደሴት አለ። በዝዋይ ግን ሃይማኖቱንና መጻሕፍቱን ያቈዩት በተለይ እነዚህ ባለ ትዳሮች ናቸው፤ ባል ዓሣ እያጠመደ፣ ሚስት ጥጥ እየፈተለች፣ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እየተሳለመ ነው። ለቤተ ሰብ በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለ እነርሱ መጻፍ የተገባ መስሎ የታየኝም ስለዚህ ነው።

ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ደምበል የሚል ሌላ ስም አለው፤ ዝዋይ ስትባል የቈየችው በዳርቻው ያለችው ከተማም ዛሬ ባቱ ትባላለች። በምዕራብ ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ፣ በምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች የቀታር ወንዝ ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። እዚህ በቅጥራችን ውስጥ ካሉት የጥድ ዛፎች አንዱ ቢተከልበት ጫፉ ከውኃው በላይ ይታያል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሕዝቡን የጠበቀው ውኃ ይኸው ነው።

በሐይቁ መካከል አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ስሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል። ሌሎቹ ጸዴቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ናቸው። ከስማቸው እንደምናየው፣ ሰዎቹ በጠበበችው መሬታቸው ላይ የመጽሐፍ ቅዱስን አገር በሙሉ ሊያሰፍሩባት ፈልገዋል፤ ጽዮንም፣ ሲናም፣ ገሊላም በአንድ ባሕር ላይ ይተያያሉ። የሕዝቡ ስም ዘይ ነው፤ ጐረቤቶቻቸው ላቂ ብለውም ይጠሩአቸዋል።

አሁን ወደ ልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ ልመለስ። በደሴቶቹ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ይላል። በ10ኛው መቶ ዓመት ዮዲት ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለች ጊዜ፣ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው፣ መጻሕፍቱን ተሸክመው፣ አገር ለአገር ሲሸሹ ከዝዋይ ዳር ደረሱ። ከዚያም በታንኳ ተሻግረው በቱሉ ጉዶ አኖሩአት፤ ሰባ ዓመትም በዚያ ቈየች። መከራው ሲያልፍ ታቦቷ ወደ አክሱም ተመለሰች። ካህናቱና አብረዋቸው የመጡት ወገኖች ግን ሁሉም አልተመለሱም። ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ የዳገቱን ድንጋይ እየካቡ እርሻ አበጅተው ቀሩ። በደብረ ጽዮን ዛሬም የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በብራና የተጻፉ ጥንታውያን መጻሕፍትም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይዘናቸዋል እያሉ ይጠብቃሉ።

ከዚህ በኋላም ሌሎች መጥተዋል። ግራኝ አሕመድ በ1521 ዓ.ም. ከዚያው ከሐይቁ እምብዛም በማይርቀው በሽምብራ ኵሬ ድል ካደረገ ወዲህ፣ ከሸዋ የሸሹ ክርስቲያኖች ወደ ደሴቶቹ እንደ ገቡ ይነገራል። ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከሐድያ ወገን የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦችም አሉ። ስለዚህ የዘይ ሕዝብ ከአንድ አባት የተወለደ ሳይሆን፣ በየዘመኑ ከየመከራው የተረፈ ሰው ተጠራቅሞ አንድ የሆነ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአስተያየት ልጨምር። የዘይ ቋንቋ የግእዝ ልጅ አይደለም፤ የትግርኛ ወይም የአማርኛ እኅትማማችም ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለሐረሪና ለስልጤ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ይዘው ከአክሱም የመምጣቱን ትውፊት ይጠራጠራሉ። እኔ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ትውፊቱ የሚነግረን ታቦት ተሸክመው የመጡት ካህናት የሄዱበትን መንገድ ነው፤ ቋንቋው የሚነግረን ደግሞ እነዚያን ስደተኞች በቤታቸው ተቀብለው ያገቡአቸውን የዚያን አገር ሴቶች ነው። ልጅ የሚናገረው በአባቱ የትውልድ አገር ቋንቋ ሳይሆን እናቱ ባባበለችው ቋንቋ ነውና። ካህናቱ ግእዙን ለመቅደስ አቈዩት፤ እናቶቹ የራሳቸውን ቋንቋ ለቤት አቈዩት። ሁለቱም ሳይጠፉ ለእኛ ዘመን ደረሱ።

ኑሮአቸው ብልኀት የተመላ ነበር። የደሴቱ መሬት ጥቂትና ዳገታማ ስለ ሆነ፣ በእርከን በእርከን ከፍለው ዘሩበት። የማይበቃቸውን በዓሣና በሽመና ሞሉት። ከባሕሩ ዳር በሚበቅል ተክል እየጠፈሩ በሚሠሩት ታንኳ፣ ጉማሬ በሚዋኝበት ውኃ ላይ እየቀዘፉ ቆሮሶውን ያጠምዳሉ። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር የምታውቁት ነው፤ ዛሬ አልከፍተውም።) ወንዶቹ ሸማኔዎች ስለ ነበሩ፣ ልብሱንና ዓሣውን ወደ የብስ ገበያ አውጥተው ከኦሮሞ ጐረቤቶቻቸው እህልና ከብት፣ ወተትና ቅቤ ይገዙበታል።

ስለ እነዚህ ጐረቤቶች በአንዳንድ ጽሑፍ እንደ ጠላት ብቻ ተደርጎ ሲነገር አነባለሁ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ጠብ የነበረበት፣ ደሴተኛው ከገበያ ሳይደርስ የተመለሰበት ዘመን እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በጠላት ተከቦ፣ ያለ ገበያ የሚኖር ሕዝብ የለም። የዘይ ሰዎች አብዛኞቹ ኦሮምኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ መሆናቸው ራሱ፣ በሁለቱ መካከል ከጦር ይልቅ የገበያ ቃል እንደ በዛ ያስረዳል። ውኃው ቅጥር ነበር፤ በዚያው ልክ በር ነበር።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወደ አርሲ በዘመተ ጊዜ፣ በሐይቁ መካከል ታቦት አክብረው፣ በግእዝ ቀድሰው የሚኖሩ ክርስቲያኖች መኖራቸው በቤተ መንግሥት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ከመንበሩ ጋር ተገናኙ። ለዚያ ሕዝብ ይህ እንደ ሁለተኛ ልደት የሚቈጠር ነበር፤ መንገዱ ተከፈተ፣ የየብሱም ኑሮ ለደሴተኛው የማያስፈራ ሆነ።

መበተኑ የጀመረውም ከዚህ በኋላ ነው። ዮዲትም ግራኝም ከደሴታቸው ያላወጡአቸው ሰዎች፣ ሰላም በሆነ ጊዜ አንድ በአንድ ታንኳቸውን እየቀዘፉ ወጡ። ማንም አላባረራቸውም። በደሴቱ ላይ አንድ ቤተ ሰብ የሚካፈለው እርከን ለልጅ ልጅ አይበቃም፤ በሐይቁ ዳር ግን ሰፊ ሜዳ አለ። የታመመውን በሌሊት ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ባሕር መሻገር የግድ ነው፤ በመቂና በዝዋይ ከተማ ግን ሐኪም ቅርብ ነው። ልጅን ለማስተማር፣ ሥራ ለማግኘት፣ ሸማ ለመሸጥ፣ ሁሉም በየብስ ይቀላል። እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ልጆቼን ይዤ እወጣ ነበር። ዛሬ በባሕሩ ዳርና በከተሞቹ የሚኖረው የዘይ ሰው በደሴቶቹ ካለው ይበልጣል።

ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም። ባለፉት ሃያ ዓመታት በዳርቻው የአበባና የአትክልት እርሻዎች በዝተው፣ ውኃው በሞተር እየተሳበ ለመስኖ ይውላል፤ የቡልቡላም ወንዝ እንደ ቀድሞው የማይሞላባቸው ወራት አሉ። ያንን ጥልቀት የሌለውን ቅጥር ላሰበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቋንቋውን የሚናገረው ሰው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። በትምህርት ቤት አይሰጥም፤ በቤተ ክርስቲያን የሚቀደሰው በግእዝ፣ የሚሰበከው በአማርኛ ነው፤ ገበያው በኦሮምኛ ነው። የቀረለት ስፍራ ቤት ብቻ ነው። ወላጆችም ልጆቻቸው በትምህርታቸው ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ብለው በቤት ውስጥ ሌላውን ቋንቋ ሲያስቀድሙ፣ ያ የመጨረሻው ስፍራ ይዘጋል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው የዘይን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1999 (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ሮኒ ማየር የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅም በ2005 በጀርመንኛ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። ሁለቱንም ማመስገን ይገባል። ነገር ግን የዝዋይ ልጅ የአያቱን ቋንቋ ሥርዐት ከመጽሐፍ ልወቅ ቢል አስቀድሞ እንግሊዝኛ ወይም ጀርመንኛ መማር አለበት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል፣ ከአገራችን እጅግ ርቃ የምትገኝ የአንዲት ደሴት ታሪክ ይመጣብኛል። በእስኮትላንድ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከቅርቦቹ ሌሎች ደሴቶች እንኳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሴንት ኪልዳ የምትባል ስፍራ አለች። ስሟ በቅዱስ ስም ይጀምር እንጂ እንዲህ የሚባል ቅዱስ በየትኛውም ስንክሳር አይገኝም፤ መርከበኞች አሳስተው የጻፉት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ 180 ያህል ሰዎች ይኖሩባት ነበር። በገመድ ተንጠላጥለው ከገደል አፋፍ የባሕር ወፍ ያድናሉ፤ ሥጋውን ይበላሉ፣ ላባውንና ዘይቱን ለባለ መሬቱ ግብር ይከፍላሉ። ወንዶቹ በየጧቱ ተሰብስበው የዕለቱን ሥራ በምክር ይቈርጡ ነበር። እኛ በሽማግሌ እንደምንነጋገር መሆኑ ነው።

ይህች ደሴት ብዙ አየች። በ1727 (አሁንም እንደ አውሮጳውያን ነው) ፈንጣጣ ገብቶ አብዛኛውን ሰው ፈጀ። በ1852 ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ወደ አውስትራልያ ሲሰደድ ብዙው በመንገድ አለቀ። ለረጅም ዘመን ሕፃናቱ በተወለዱ በሳምንታቸው በመንጋጋ ቈልፍ ይሞቱ ነበር። ይህን ሁሉ ችለው ኖሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ወጣቶቹ የሌላውን አገር ኑሮ እያዩ መውጣት ጀመሩ። ታንኳውን የሚቀዝፍ፣ ገመዱን የሚይዝ ጐበዝ ሲያንስ፣ የቀሩት ሽማግሌዎችና እናቶች መኖር እንዳልቻሉ አይተው፣ ራሳቸው ለመንግሥት ማመልከቻ ጻፉ። ነሐሴ 23 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የቀሩት 36 ሰዎች በጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ አጠገቡ ጥቂት እህል አኑረው፣ በሩን ዘግተው እንደ ሄዱ ተጽፎአል። በሰጡአቸው አዲስ አገር ለብዙዎቹ ወንዶች የተገኘላቸው ሥራ የደን ሥራ ነበር፤ በተወለዱበት ደሴት ግን አንድ ዛፍ እንኳ አልነበረም። በዚያች ደሴት ከተወለዱት የመጨረሻዋ ሴት በ2008 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ዛሬ በዚያ ያሉት ወፎችና የዱር በጎች፣ ጥቂት ሠራተኞችና ጐብኚዎች ናቸው።

ዝዋይ እንደ ሴንት ኪልዳ አልሆነችም። በቱሉ ጉዶ ዛሬም ጢስ ይወጣል፣ ዛሬም ይቀደሳል፤ በዓል ሲሆን የየብሱ ዘመድ በጀልባ ይመጣል። ነገር ግን ከሴንት ኪልዳ የሚከፋበት አንድ ነገር አለ። የኪልዳ ሰዎች ቋንቋ ጌሊክ ነበረ፤ እነርሱ ቢበተኑም ጌሊክ በሌሎች ደሴቶችና በእስኮትላንድ ተራሮች ቀርቶአል። ዘይ ግን ሌላ አገር የለውም። ከእነዚያ ደሴቶችና ከዳርቻቸው ውጭ የሚናገረው ሌላ ሕዝብ በዓለም ላይ አይገኝም።

ለዚህ ሕዝብ እንዲህ ማሰብ የጀመርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በልጅነቴ በተማርሁበት በአንድ የቅኔ ጉባኤ፣ ከዝዋይ ዳር ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ተማሪ ነበረ። ከእኔ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይበልጣል። ቅኔ ሲቈጥር ከማናችንም አያንስም፤ አማርኛውም መልካም ነበረ። ግን ከመንደር ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ ለመካፈል ሲቈጥር፣ ሳያስበው በቋንቋው ይቈጥር ነበር። በሌሊትም ተኝቶ ሲያወራ በቋንቋው ነው። እኛ «የዓሣ ልጅ» የሚል ስም አወጣንለት። ሌሊት ሲናገር እየቀሰቀስን፣ «በሰው ቋንቋ ተናገር እንጂ» እንለው ነበር። አነጋገሩን አስመስሎ በማሳቅ ደግሞ ከሁሉ የታወቅሁት እኔ ነበርሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ የኔታም ቢሰሙ ኖሮ በአለንጋ ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ቁራሹን በአማርኛ ቈጠረ። እኔም ደስ አለኝ፤ «ለመደ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ በእንቅልፉ እንኳ አይናገርም ነበር። መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ ከአገው ምድር የመጣ አንድ ልጅ በክፍሌ ውስጥ ሲናገር ጓደኞቹ ሲሥቁበት አይቼ ነው የዚያን ቀን ነገር የገባኝ።

ያ ተማሪ ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚያገለግሉ ካህን ናቸው። እናታቸው እስካሁን በደሴቱ ላይ አሉ፤ ልጆቻቸው ተውኝ አሉ እንጂ አልወጣም ብለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስልካቸውን ቍጥር ከሌላ ጓደኛችን አግኝቼ ደውዬ፣ ያደረግሁትን አስታውሼ ይቅርታ ለመንሁአቸው። ሣቁ። «ረስቼዋለሁ» አሉኝ። ትንሽ ቈይተው ግን፣ «ልጆቼን በአማርኛ ያሳደግሁት እንደ እኔ እንዳይሣቅባቸው ብዬ ነው» አሉ። በልጅነት «አንተ» እባባል የነበርሁትን ሰው ዛሬ ስለ ክህነታቸው «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ «አንተ» ይሉኛል፤ ደስም ይለኛል።

በዚህ በኅዳር ጽዮን ማግሥት፣ ያ ልጅ «ሰዎቹስ አሁን አሉ?» ባለኝ ጊዜ፣ ሌላ መልስ ስላላገኘሁ ስልኬን አወጣሁና ደወልሁላቸው። መጀመሪያ ያነሣችው ልጃቸው ናት፤ በጠራ አማርኛ፣ «አባዬ ከአያቴ ዘንድ ከደሴት አሁን ገቡ፣ ልስጥዎ» አለችኝ። እንኳን አደረሰዎ ከተባባልን በኋላ፣ «ከዲማ አንድ ልጅ፣ የዝዋይ ሰዎች አሁንም አሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እርስዎ ይንገሩት» ብዬ ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት።

ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ከጆሮው አስጠጋው። ካህኑ በአማርኛ አልጀመሩም። በዘይኛ ረዘም አድርገው ሰላምታ ሰጡትና ዝም አሉ፤ መልሱን መጠበቃቸው ነው። ልጁ አንዱንም ቃል አላወቀውም። ወደ እኔ አየ፤ እኔም አላወቅሁትም። ከዚያ በኋላ ስልኩን አጥብቆ ይዞ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው።